ከአንጎዜ ተራራ የሄደች ልጅ

መናማ፣ ረቢዑል አኺር 1369 ዓመተ ሂጅራ

ለውድ እህቴ ለዙለይኻ፣ በቢርከ ሰፊድ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ቤትሽን በበረካ ይሙላው፤ የባልሽን የሙራድን ጉልበት ያጽናው፤ ልጆችሽን ከሰው ዓይን ይሰውርልሽ። ስለ እኛ ከጠየቅሽ ባሌ ሐጂ ረሱል ደህና ነው፤ የጨርቅ ሱቁም ደህና ነው፤ እኔም አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ።

እናቶቻችን የአንድ ማህፀን ልጆች ሆነው ሳለ ይህን ያህል ዘመን ድምፄን ማጥፋቴ ነውር ነው። ባሕሩ ነው ብለሽ ይቅር በይኝ። ዛሬ የጻፍኩት አማቴ ሆዷን እየነፋት እንቅልፍ ስላጣች ነው። ሐኪሙ የሰጣት ሁሉ አልረዳትም፤ የእናንተን ተራራ የአንጎዜ ሙጫ ትፈልጋለች። እዚህ ገበያ ሂልቲት ብለው የሚሸጡት ግማሹ ዱቄት ነው። ሙራድ በእጁ የፋቀውን ጥቂት ላኪልኝ።

ከሌንጌ ወደብ የመጣ ጀልበኛ የውሃ ጉድጓዳችሁ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ፍየሉም አለቀ ብሎ አወራ። እውነት ይሆን? ልቤ ተነካ።

እኔም የምበላው አላጣሁም፤ የሚያስውጥ ሰላም ግን የለኝም። አማቴ በእንግዳ ፊት «ያላፈራ ዛፍ ለማገዶ ነው» ትለኛለች። ለሐጂ ከሙሐረቅ አንዲት ልጅ አይታለታለች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ይላሉ። ሐጂ እስካሁን ዝም ብሏል። ወንድ ዝም ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

ትንሿ ልጅሽ ጎልናር ገና ትጠባለች? አንቺ አራት አለሽ፤ እኔ አንድም የለኝም። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ብልህ ነበርሽ።

እህትሽ መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ረጀብ 1369

ለተከበሩ እትዬ መህታብ፤

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የሐጂንም ሱቅ ይባርክ። ይህን የሚጽፍልኝ የመስጊዳችን ሙላ ዩሱፍ ነው፤ እሱም ሰላም ይልዎታል። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ያዘገየሁት መንገድ አጥቼ አይደለም።

ጀልበኛው እውነት ነው የተናገረው። ዝናብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከጉድጓዱ የምንቀዳው ጭቃ ነው፤ በጨርቅ አጥልለን እንጠጣለን። አንጎዜውም ብቅ ያለው እዚህም እዚያም ነው። ቅጠሉ እንስላል መስሎ ይወጣና ስንዝር ሳይሞላ ይጠወልጋል። ሥሩን ገልጠን አናቱን ብንቆርጠው አንዲት ዕንባ አያወጣም። እርስዎ እዚህ ሳሉ ሊያብብ የደረሰውን ማንም አይነካም ነበር፤ የተራራው ዘር ነው ተብሎ ይተዋል። ዘንድሮ እሱንም ቆረጡት። ማንም ማንንም አልገሠጸም።

ሙራድ ያረጁት ሥሮች ካሉበት ከላይኛው ገደል ወጥቶ ነበር። ድንጋዩ ከዳውና ወደቀ። ዳሌው ተሰብሯል። በጀርባቸው ተሸክመው አመጡልኝ። አሁን ጣራውን እያየ ይውላል። እርስዎ የጠየቁኝን ሙጫ ልጄ ዩኑስ ከአባቱ ከረጢት ፍቆ አውጥቷል፤ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የእሱ ስጦታ ነው ብለው ይቀበሉት።

ስለ ትንሿ የጻፉትን ሙላ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ጥርስ አብቅላለች፤ ስትጠባ ትነክሳለች። ረሃቡ ግን አሳንሷታል። ሌላ የምለው የለኝም።

ዙለይኻ

*

መናማ፣ ሸዕባን 1369

ለምወድሽ ለእህቴ ለዙለይኻ፤

ሰላምታዬ ከጀልባው ቀድሞ ይድረስሽ። አላህ ለሙራድ ሺፋውን ያውርድለት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሩዝ፣ ተምር፣ ዱቄትና የሻይ ቅጠል ልኬአለሁ። ከሌንጌም ወጌሻ ይመጣላችኋል። ይህን ዋጋ አድርገሽ እንዳታይብኝ፤ ዘመድ ለዘመድ የሚያደርገው ነው።

«ሌላ የምለው የለኝም» ብለሻል። እምቢ ግን አላልሽም። ስለዚህ ልንገርሽ። ለሕክምና ብዬ ወንድሜ ዘንድ ሺራዝ እሄዳለሁ፤ ዓመት እቆያለሁ። ስመለስ ልጅ ታቅፌ እመለሳለሁ፤ እዚያ ወለደች ይባላል። እውነቱን የሚያውቀው ሐጂ ብቻ ነው። ረሃቡ አሳንሷታል ማለትሽ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከዕድሜዋ በታች ብትመስል ይሻላል።

አፏን ሳትፈታ ትምጣ። «እማዬ» ማለት ከለመደች ችግር ነው። ጡትም አስጥያት፤ እኔ የምሰጣት የለኝም፤ ለቅሶም አልችልም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፤ እሷም አንቺም ትረሳሳላችሁ። ከሌንጌ የምልከው ሾፌር ሚስቱን ይዞ ይመጣል፤ ሺራዝ ያደርሱልኛል።

የምታስቢው ሙራድን ቢሆን፣ ሙራድ ሦስት ልጅ እንኳ የሚያበላበት እግር የለውም።

መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ሸዋል 1369

ለእትዬ መህታብ፤

አላህ ሰላምዎን ያብዛው። ልኬያታለሁ።

ጡት አስጥያት ብለውኝ ነበር። ሴቶቹ የአንጎዜ ሙጫ ቀቢው፤ በአንድ ቀን ትተዋለች አሉኝ። በጣቴ ወስጄ ቀባሁት። ሽታውን እርስዎም ያውቁታል፤ ከተራራ የሚወርዱ ወንዶች ሚስቶቻቸው ሳይቀሩ ደጅ የሚያሳድሯቸው በሱ ነው። ቀመሰችውና ፊቷን አጨማደደች፤ አየችኝ፤ ተመልሳ ጠባች። እልኸኛ ናት። አበዛሁት። ከንፈሯ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ ስጠጋት መጮህ ጀመረች። ከእኔ እጅ ውሃ እንኳ አልጠጣ ብላ ዩኑስ ነበር የሚያጠጣት። ለመንገድ ተስማምቷታል፤ ለሾፌሩ ሚስት ስሰጣት አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ ሄደች።

ሙላ ዩሱፍ «ይህ አይጻፍም» ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር። ጻፈው አልኩት።

ዩኑስ መኪናውን ተከትሎ እስከ ጨው ሜዳው ሮጠ። አሁን አያናግረኝም። ሙራድ ሩዙን በላ፤ ከበላ በኋላ ሰደበኝ።

መድረሷን ብቻ ይጻፉልኝ።

ዙለይኻ

*

መናማ፣ ሙሐረም 1371

ለእህቴ ለዙለይኻ፤

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አዲሱ ዓመት የደስታ ያድርግልሽ። ሳልጽፍ የቆየሁት ከሺራዝ መጻፉ ለሰው ዓይን ስላልተመቸ ነው። አሁን ቤቴ ገብቻለሁ።

ስሟ ሱራያ ነው። አማቴ ተቀብላ ግንባሯን ስማ አለቀሰች። የሙሐረቋ ልጅ ነገር ተነስቶም አያውቅም። ሐጂ ከሱቅ በጊዜ ይመጣል። እኔንም አሁን «የሱራያ እናት» ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ በስሜ የሚጠራኝ ቀርቷል። ደስ ይበልሽ።

ካንቺ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የተጋጠመው ቅንድቧ። ከፍ ስትል አስነቅለዋለሁ።

አንድ ነገር አደራ። የሐጂ ወንድም ልጅ ጃሲም የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ከፍቶ የሚያነብ ነው። በስሜ የሚመጣውን እደብቃለሁ፤ ግን አንድ ቀን ሊያመልጠኝ ይችላል። ስለዚህ ስሟን፣ «ልጄ» የሚለውንም ቃል እንዳትጽፊ። የግድ መጠየቅ ካለብሽ «የላክሁት ጨርቅ እንዴት ነው» በይ። ይገባኛል።

ባትጠይቂ ደግሞ ይሻላል።

መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ሸዕባን 1371

ለእትዬ መህታብ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የላክሁት ጨርቅ እንዴት ነው? ይሞቃል ወይስ ያልባል? ቀዳዳ አላወጣም? እዚህ ሳለ በቀኝ ጎኑ ትንሽ ያስለው ነበር።

ሙላ «ጨርቅ ያስላል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ቢስቅም ጻፈው።

ዙለይኻ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ረጀብ 1374

ለእትዬ መህታብ፤

ሰላም ይድረስዎ። ስኳሩና ሻሹ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ስኳር አይላኩ። ሦስት ጊዜ ስለ ጨርቁ ጠይቄ ሦስት ጊዜ ስኳር መጣልኝ። ከጫፉ ጥቂት ክር ቆርጠው ቢልኩልኝ ይበቃኛል። ፎቶግራፍ የሚባልም ነገር አለ ይላሉ።

ዝናቡ ተመልሷል። አንጎዜው ግን አልተመለሰም። ዘሩን ስለቆረጥን ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ራሳቸው የቆረጡት።

ዙለይኻ

*

መናማ፣ ሸዋል 1374

ለእህቴ፤

አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። የተሰጠ ጨርቅ ተቆርጦ ተሰፍቷል፤ ሌላ ሰው ለብሶታል። ክሩን እየመዘዝሽ ልትተረትሪው ትፈልጊያለሽ?

ስለ ጤናሽ፣ ስለ ሙራድ፣ ስለ ዝናቡ ጻፊልኝ፤ ደስ እያለኝ አነባለሁ። ስለ ጨርቅ የሚያነሳ ደብዳቤ ግን አንብቤ ሳልጨርሰው ይቃጠላል።

መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ዙል ሒጃ 1382

ለተከበሩ እትዬ መህታብ፤

አላህ እርስዎንና ሐጂን በጤና ያቆይልኝ። እነሆ ስምንት ዓመት ሙሉ ያዘዙኝን ፈጽሜአለሁ፤ ስለ ምንም አልጠየቅሁም። ሙላ ዩሱፍ ሞቷል። ሙራድም በሸዕባን ተገላገለ። ጣራውን እያየ መሞቱ አንሶ፣ ዓይኑ አልከደን ብሎ ሳንቲም ጫንንበት።

ይህን ደብዳቤ ይዞ የመጣው ልጄ ዩኑስ ነው። ሙላ ፊደል አስተምሮታል፤ ጉልበትም አለው። የቀሩት ሁለቱ ልጆቼ አግብተው ከቤት ወጥተዋል፤ ተራራው አሁን ለሁለት ሰው እንኳ የሚሆን ሙጫ የለውም። በሐጂ ሱቅ ጭነት ይሸከም፤ ቤትዎን ይጥረግ፤ የትም ያስተኙት። ቁርኣን አስጨብጬ አስምየዋለሁ፤ የሚያውቀውን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

የላክሁት እንዲያያት ነው። ለእርስዎ ልዋሽ አልችልም። ሲመለስ «አየኋት» ይለኛል፤ በቃ።

ዙለይኻ

*

መናማ፣ ረቢዑል አወል 1383

ለእህቴ ለዙለይኻ፤

ሙራድን አላህ ጀነት ያግባው፤ ለአንቺም ሶብሩን ይስጥሽ። ዩኑስ ደርሷል። ሐጂ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ ልመልሰው ሲል እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ታመሰግኚኛለሽ ብዬ አስባለሁ።

ልጅሽ ጨዋ ነው። ግን የተራራው ሽታ ቆዳው ውስጥ ገብቷል፤ ሦስት ጊዜ ሐማም ልከን አሳጥበነዋል። ሱራያ በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዋን በሻሽዋ ይዛ «ይሄ ማነው? ሂልቲት!» አለች። ከዚያ ወዲያ በዚያው ስም ቀረ። «ሂልቲት ውሃ አምጣ፣ ሂልቲት ጫማዬን፣ ሂልቲት ከነፋሱ ወዲያ ቁም።» እሱ «እሺ እመቤቴ» ይላል። አንድ ቀን ውሃውን ደፋችበትና መልሶ እንዲቀዳ ላከችው፤ ከዚያ ደግሞ ደፋችበት። ባልንጀሮቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አልዋሽሽም፣ እኔም ሳቅሁ።

ክፉ አይደለችም። ቆንጆ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ቅንድቧንም አስነቅለናል።

መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ጁማደል ኡላ 1383

ለእትዬ መህታብ፤ ሰላም።

ትጥራው፣ ትድፋበት። ረዝማለች? ድምጿ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ለመጻፍ ያስቸገርኩት የሙላ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አሳጥሬያለሁ።

ዙለይኻ

*

መናማ፣ ሸዕባን 1383

ለእህቴ ለዙለይኻ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዩኑስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጀልባ ይመጣል። ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርሽ እኔ የሆነውን እጽፍልሻለሁ።

ሱራያ ፀጉሯን ታጥባ ሰገነት ላይ ታደርቅ ነበር። ዩኑስ እንስራ ተሸክሞ ወጥቶ ቆመና አያት። ዝም ብሎ አያት፤ ውሃው በትከሻው ላይ እስኪፈስ ድረስ። ጮኸች። «አባዬ፣ ይሄ ሂልቲት ያፈጥብኛል! ሁልጊዜ ነው የሚያፈጥብኝ!» ጃሲምና ወንድሙ ሱቅ ነበሩ፤ ጨርቅ የሚለኩበትን የብረት ዘንግ ይዘው መጡ። ግቢው መሐል ጣሉት። ሐጂ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ መቁጠሪያውን ይቆጥር ነበር። እኔም ቆሜ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዘንጉ ጆሮው ላይ ሲያርፍ ነው መሐላውን የረሳው። «እህቴ ናት! ጎልናር ናት! እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኋት!» አለ። ጃሲም ዘንጉን አንስቶ እንደያዘ ቆመ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ፀሐይ መትቶታል» አልኩ።

ሱራያ ከሰገነቱ ወርዳ አጠገቡ መጣችና ተፋችበት። ከዚያ ተነስቶ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ወጣ።

የግራ ጆሮው ከእንግዲህ አይሰማም ብሏል ሐኪሙ። አንቺም በእኔ ቦታ ብትሆኚ ያንኑ ነበር የምትዪው።

መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ረመዳን 1383

ለእትዬ መህታብ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አንብቦልኝ የጨረሰው ዩኑስ ራሱ ነው፤ ይህንንም የሚጽፈው እሱ ነው።

እንዴት ናት ብዬ ስጠይቀው «ታምራለች፤ ደግ ናት» አለኝ። ያለው ይኸው ነው። ለሐኪም ስለከፈላችሁለት አላህ ይስጥልኝ።

ዙለይኻ

*

መናማ፣ ጁማደል ኡላ 1384

ለምወድሽ፣ ለአንዲቷ እህቴ ለዙለይኻ፤

አላህ ካንቺ አይለየኝ። ሐጂ ረሱል ሞቷል። ከሱቅ ሲመለስ በራፉ ላይ ወደቀ፤ አፉን ሳይከፍት ሄደ። እናቱም ቀደም ብላ ሄዳለች። አሁን ቤቱ ውስጥ ያሉት ወንድሞቹና ልጆቻቸው ናቸው።

ያን ቀን ዩኑስ የጮኸውን ጃሲም አልረሳውም። ሐጂ ሴት ልጅ ካለችው ቤቱ ከእጇ አይወጣም፤ ልጅ ከሌለው ግን ለወንድሞቹ ነው። «የሐጂ ደም አይደለችም፤ ከሂልቲት መንደር የመጣች ናት» ብለው ቃዲ ፊት ከሰሱ። ሱራያ ታጭታ ነበር፤ የእጮኛዋ ሰዎች ነገሩ እስኪጣራ ብለው ቀሩ። ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች። «እውነት ነው?» ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ። ውሸት ነው አልኳት።

ቃዲው ጸሐፊውን ወደ እናንተ መንደር ይልካል። ጃሲምም አብሮት ይመጣል። የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ነው። አልወለድኳትም በዪ። ቁርኣኑን ጨብጠሽ በዪ፤ ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ። ቤቱ የእሷ ይሆናል፤ ትዳርም ትይዛለች፤ እንደ ሰው ትኖራለች። ካላልሽ ግን መንገድ ላይ ትወድቃለች፤ እኔም አብሬአት።

እናት ነሽ። ያኔ የከለከልኩሽን ዛሬ እኔው ጻፍኩልሽ።

መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ረጀብ 1384

ለመህታብ፤

ሰዎቹ መጥተው ሄደዋል። ጉድጓዱ አጠገብ ምንጣፍ ነጠፍንላቸው። ጃሲም መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ወንዶቹ ከተራራ የሚወርዱበት ጊዜ ሳይሆን እንኳ። ጸሐፊው ሽማግሌ ሰው ነው። «እህቴ፣ አላህን ፈርተሽ ንገሪኝ፤ ይህችን ልጅ ወልደሻታል?» አለኝ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ዩኑስ ለምኖኛል። ጆሮው የጠፋው ዩኑስ። «አልወለድኩም በያቸው። ምን ጎደለብሽ? በቤቷ ትኑር» እያለ እግሬ ላይ ወደቀ። እሺ ብዬው ነበር። ጸሐፊው ሲጠይቀኝ ዩኑስ በደህናው ጆሮው በኩል ዘንበል ብሎ አፌን ያይ ነበር።

«ወለድኳት» አልኩ። «ቀኝ ብብቷ ሥር ጥቁር ምልክት አለ። መህታብ መካን ናት።»

ጃሲም መሐረቡን አወረደ። ሳቀ። ዩኑስ ተነስቶ ሄደ።

እናት ነሽ ብለሻል። እኔ እንጃ። የምትራብ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ትዳሯ እንደሚፈርስም አውቄአለሁ። አንቺ ግቢ ውስጥ ልጄን ሲቀጠቅጡት ቆመሽ ነበር፤ እሷም ተፍታበታለች። አስቤ ነው ያልኩት።

ዙለይኻ

*

መናማ፣ ሸዋል 1384

ለዙለይኻ፤

ሰላም ልልሽ አልችልም፤ ሳልልሽም መጻፍ አልለመድኩም።

ልከዋታል። በለበሰችው ልብስ ጀልባ ላይ አሳፈሯት። ክፍሏን የጃሲም ሚስት ገብታበታለች። ስትወጣ ልስማት ብዬ ቀረብኩ፤ እጄን ከትከሻዋ ላይ እንደ ትል አንስታ ጣለችው። አላለቀሰችም። ለጀልበኛው «የት ነው የምትወስደኝ?» ብቻ አለችው።

እኔን ከዕቃ ማስቀመጫው አጠገብ አንዲት ክፍል ሰጥተውኛል፤ ምግብ የተረፈ ሲኖር ያመጡልኛል። በስሜም፣ በልጅ ስምም የሚጠራኝ የለም። ዓይኔም ደክሟል፤ ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት።

ልምጣ? የእናቶቻችን ቤት ጥግ ይበቃኛል። ልጅቷ ባታናግረኝም ድምጿን እሰማለሁ። ሌላ አልጠይቅሽም።

መህታብ

*

ቢርከ ሰፊድ፣ ሙሐረም 1385

ለመህታብ፤

የምትጽፍልሽ ልጅ አሁን ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ነገሩ ብዙ ነው።

ደርሳለች። ከሾፌሩ መኪና ወርዳ ሰው ሁሉ ቆሞ እያያት በመሐላችን አለፈች። ጎልናር ብዬ ጠራኋት፤ አልዞረችም። ሱራያ አልኳት፤ አልዞረችም። ቤት ገብታ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ቂጣዬን አልበላችም፤ ዩኑስ ያመጣላትን ተምር ግን ተቀበለች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጆሮውን አየችና «የትኛው ነው?» አለችው። አሳያት። ዞራ በሌላው በኩል ተቀመጠች።

እንደዚያ እያለ ወራት አለፈ። ከእኔ ጋር አትነጋገርም፤ ሲቸግራት «ሴትዮ» ትለኛለች። ከዚያ የግመል ነጋዴው ሸምሰዲን ለልጁ ሊጠይቃት መጣ። ሀብታም አይደለም፤ ግን ግመልም ጉድጓድም አለው። ደግ ሐሳብ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ እሺ ልል አፌን ስከፍት ከውስጥ ወጣች። መጋረጃውን ይዛ ቆማ፣ «ደግሞ ለማን ልትሰጪኝ ነው?» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሸምሰዲን ጫማውን ፈለገ።

በነጋታው ከዩኑስ ጋር ወደ ተራራ ወጣች። ወንዶቹ ተቆጡ፤ ሴት ሥሩን ብትቆርጠው ይደርቃል የሚል አባባል አላቸው። ዩኑስ አልሰማም። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ጥሏል፤ አንጎዜው ከብዙ ዓመት በኋላ አብቧል፤ ቢጫው ከታች ከመንደር ይታያል። ድንጋይ ክበው ጎጆ ሠርተዋል። አይወርዱም። ቂጣ ይዤ ስሄድ ከታችኛው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ዩኑስ ወርዶ ይወስደዋል። እሱም ትቶኛል፤ ከጸሐፊው ቀን ጀምሮ «እማ» ብሎኝ አያውቅም። ይህን የሚጽፍልኝ የሙላ ልጅ ነው።

የጠየቅሽውን ነገርኳት። ከድንጋዩ ሥር ቆሜ ወደ ላይ ጮህኩ፤ «መህታብ ልምጣ ትላለች! ዓይኗ ደክሟል! ምን ልበላት?»

ሥር ላይ ተደፍታ ሙጫ ትፍቅ ነበር። ቢላዋውን ሳታስቀምጥ፣ ሳትዞርም መለሰች።

«ትምጣ» አለች። «አንቺና እሷ አንድ ቤት ኑሩ።»

እንድትቀሪ የምትፈልግ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እሷ ያለችው ይሁን። ነይ። ሾፌሩ ከሌንጌ በየሳምንቱ ይመጣል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሙራድ የተኛበት አልጋ ላይ ትተኛለሽ። ሌላ ሰው አይመጣብንም። መስኮቱ ወደ ተራራው ነው፤ ጠዋትና ማታ የጎጆአቸው ጭስ ይወጣል። አንቺ አታይውም። ደስ ሲለኝ እነግርሻለሁ፤ ሳይለኝ ዝም እላለሁ።

ዙለይኻ